በበልግ ወራት ወደ ዝቋላ ለሚወጡ

የክረምት ዝናብ ሰው አያታልልም፤ ሐምሌ ሲገባ እንደሚዘንብ ሁሉም ያውቃል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው በልግ ግን ጠባዩ አይታመንም። ከህንድ ውቅያኖስ እርጥበት የሚያመጣው ነፋስ አንዳንዴ ይበረታል፥ አንዳንዴም ይደክማል፤ ስለዚህ አንዱ ሳምንት ዝናብ፥ ሌላው ፀሐይ ይሆናል። መጋቢት 5 ቀን የሚውለው የዝቋላ አቦ በዓልም በዚሁ ወቅት ነው።

ደብረ ዘይት ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ስትሆን፥ የዝቋላ ጫፍ 2,989 ሜትር ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ከዚህም ይልቅ የሚጎዳው እርጥብ ልብስ ነው፤ ጥጥ ከራሰ በኋላ አያሞቅም፤ ነፋስ ሲያገኘውም የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ሱፍ ግን ቢርስም ጥቂት ያሞቃል። እንግዲህ መንገደኛው የሚከተለውን ያድርግ፦

1ኛ/ የሱፍ ሹራብና የዝናብ ልብስ ይያዝ።
2ኛ/ ጋቢውንና የማታ ልብሱን በላስቲክ ይጠቅልል።
3ኛ/ በሶና ዳቦ ቆሎ ለአንድ ቀን ትርፍ አድርጎ ይሰንቅ።
4ኛ/ ደመና ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚከማች በማለዳ ይነሣ።
5ኛ/ መብረቅ ካበራ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠር፤ 3 ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ከጫፉ ይውረድ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍም ይራቅ።
6ኛ/ ጎርፍ ቢያጋጥመው እስኪጎድል ይጠብቅ።

ከጓደኞች አንዱ ቢንቀጠቀጥና አንደበቱ ቢተሳሰር፥ ብርዱ ወደ ውስጥ መግባቱ ነውና እርጥብ ልብሱን አውልቆ በደረቅ ጋቢ መጠቅለል፥ ነፋስ ከማይደርስበት ማስጠለል፥ ርዳታም መጥራት ያስፈልጋል። የተራራውን ጫፍ ሳያዩ መመለስ ነውር አይደለም፤ ጓደኛን ከመንገድ ጥሎ መሄድ ግን ነውር ነው።