ፖንዛ፦ የውበትና የግዞት ደሴት

“ፖንዛ” የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከመምህር ሳይሆን ከአያቴ ነው። “ራስ እምሩን ጣሊያን ፖንዛ ወስዶ አሰራቸው” ይሉ ነበር። ስለዚህ ፖንዛ ለእኔ የጨለማ እስር ቤት ስም ነበረች። ዘንድሮ ለክፍል ሥራ ስለ አንድ ደሴት ጻፉ ስንባል እሷን መረጥኩ። ፎቶዋን ሳይ ግን ግራ ገባኝ። ነጭ ገደል፣ ጥርት ያለ ባሕር፣ ሮዝና ቢጫ የተቀቡ ቤቶች! ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ እንዴት እስር ቤት ይሆናል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የደሴቲቱን መልክዓ ምድር፣ ምግብና ባህል እያየን መልሱን እንፈልጋለን።

መልክዓ ምድር

ፖንዛ የምትገኘው በቲሬኒያን ባሕር ላይ፣ በሮምና በናፖሊ መካከል ካለው የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ነው። ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ስትሆን ስፋቷ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዝነኛው ዳርቻዋ “ኪያያ ዲ ሉና” የጨረቃ ግማሽ ቅርጽ አለው፤ ከጀርባውም 100 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቀጥ ያለ ገደል ቆሟል። የጥንት ሮማውያን ከወደቡ ወገን ወደዚህ ዳርቻ የሚያሻግር ዋሻ አለቱን ፈልፍለው ሠርተዋል።

የደሴቲቱ ትልቁ ችግር ውኃ ነው። ወንዝ የላትም። ሮማውያን የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ በአለት ውስጥ ቆፍረዋል፤ በእኛም ዘመን ውኃ በመርከብ ሲመላለስላት ኖሯል። እንግዲህ የጥያቄያችን ግማሽ መልስ እዚህ ላይ ነው። ዙሪያዋ ገደልና ባሕር፣ ውስጧም ውኃ የሌላት ደሴት የግንብ አጥር አያስፈልጋትም።

ምግብ

ፖንዛ በባሕር ወንበዴዎች ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሰው አልባ እስከ መሆን ደርሳ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የናፖሊ ነገሥታት ኢስኪያ ከተባለችው ደሴትና ከሌሎችም ቦታዎች ሰዎችን አምጥተው አሰፈሩባት። ሰፋሪዎቹ ገደሉን እርከን አድርገው የወይን ተክል ተከሉበት። ቋንቋቸውም እስከ ዛሬ የናፖሊን ለዛ አልለቀቀም።

የደሴት ምግብ ሲባል ሰው ዓሣን ብቻ ያስባል። ዓሣማ ሞልቷል። እኔን የገረመኝ ግን “ቺቼርኪያ” የሚሉት ጥራጥሬ ነው፤ ለካ የእኛው ጓያ ኖሯል! ጓያ ድርቅ ስለሚችል ውኃ ለሌለው መሬት ይስማማል። ለወራት እሱ ብቻ ከተበላ እግርን ሽባ እንደሚያደርግ የእኛም ገበሬ በደንብ ያውቃል። የፖንዛ ሰዎች ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ደፍተው፣ እንደ ሾርባ ይሠሩታል። የድሮው የድሃ ምግብ ዛሬ ለቱሪስት የሚቀርብ የደሴቲቱ መለያ ሆኗል።

ባህል

ትልቁ በዓላቸው ሰኔ 13 (እ.ኤ.አ. ጁን 20) የሚከበረው የቅዱስ ሲልቬሪዮ በዓል ነው። ዓሣ አጥማጆች የቅዱሱን ሐውልት በጀልባ ጭነው በባሕር ላይ ይዞራሉ። ሲልቬሪዮ ማን ነበር? በ537 ከሥልጣኑ ተሽሮ፣ አጠገቧ ባለችው በፓልማሮላ ደሴት ተግዞ የሞተ የሮም ጳጳስ ነው። ደሴቲቱ ጠባቂዋን የመረጠችው ከግዞተኞች መካከል ነው ማለት ነው። ወደ ኒው ዮርክ የተሰደዱ የፖንዛ ልጆችም በዓሉን ይዘውት ሄደዋል።

የግዞቱ ታሪክ

የግዞቱ ታሪክ ከሲልቬሪዮም ይቀድማል፤ የሮም ቄሣሮች የገዛ ዘመዶቻቸውን ሳይቀር ወደዚህ ይልኩ ነበር። ከ1928 እስከ 1939 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የፋሺስት መንግሥት ተቃዋሚዎቹን አግዞባታል። በኋላ የጣሊያን ፕሬዚዳንት የሆኑት ሳንድሮ ፔርቲኒ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ እንደራሴ ሆነው የቀሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ከተማረኩ በኋላ የመጡት ወደዚህችው ደሴት ነው። ታሪክ ግን ዞሮ ይመጣል። ሙሶሊኒ በጁላይ 1943 ከሥልጣን ሲወርድ ወደ ፖንዛ ተወሰደ። የታሰረውም ራስ እምሩን ባሳሰረበት ቤት ውስጥ ነበር! እስከ ኦገስት 7 ድረስ እዚያ ቆየ። ራስ እምሩ በዚያው ዓመት ነጻ ወጥተው አገራቸው ገቡ።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ጓደኞቼ “ለቱሪስት ስለ እስር ቤት ማውራት ምን ይጠቅማል? ባሕሩን አሳይቶ መሸኘት ነው እንጂ” ይሉኛል። እኔ አልስማማም። ግዞቱን ትተን በዓሉን፣ የውኃ ችግሩን ትተን ሾርባውን ልናስረዳ አንችልም። እኛም ነገ ግሸን አምባን ስናስጎበኝ የቦታውን ግርማ ብቻ ተናግረን የታሰሩትን መሳፍንት ካለፍናቸው ግማሹን ነው ያስጎበኘነው። የአያቴ ፖንዛም የፎቶዋ ፖንዛም እውነት ናቸው። የእኛ ሥራ ሁለቱን አንድ ላይ ማሳየት ነው።