ያልከረረ ጅማት

ባለፈው ሁዳዴ አሰላ፣ ቤተሰብ ቤት ነበርኩ። ምሳ ሊቀርብ ሲል ከታናናሾቹ አንዱ ተነስቶ ታላላቆቹን ያስታጥባል፤ የዚያን ቀን ተራው የእኔ ሆነ። ከአጎቴ ጀመርኩ። ውሃ የሞላውን ጆግ በቀኝ እጄ ብድግ ሳደርገው ከክርኔ ውጪ በኩል የተነሳ ሕመም እስከ እጄ አንጓ ድረስ ወረደ። ጆጉ ተንቀጠቀጠ፣ ውሃው ከአጎቴ እጅ አልፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆነሃል ልጄ? ክንድህ ነው?» አሉኝ።

«ቴኒስ ነው፣ ጋሼ። የራኬቴን ክር በጣም አስከርሬ አስወጠርኩት መሰለኝ።»

ምንም አልመለሱልኝም። ከምሳ በኋላ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን በገናቸውን አወረዱ። አንዱን ጅማት በጣታቸው ነኩት፤ ያ ከደረት የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቀጥለው ያንኑ ጅማት ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርገው አከረሩትና እንደገና ነኩት። ድምፁ ቀጠነ፣ ደረቀ። «እኔ ጅማት የማከርረው እስኪቃኝ ድረስ ነው» አሉኝ፤ «ከዚያ ያለፈው የጅማቱም የጣቴም ሥቃይ ነው።» ከዚያ መልሰው አላሉት።

ይህን ዓምድ የምጽፈው ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ ስላለ ነው። የምጽፈውም ክርኑን እያሸ ሜዳ ለሚሄድ፣ «ክሩን ካላላሁት ኳሱ ይጠፋብኛል» ብሎ ለሚፈራ ወዳጄ ነው። ኳሱ አይጠፋባችሁም። እንዴት እንደማይጠፋባችሁ አንድ በአንድ አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እንይ፤ እኛ ደገኞች ለፍርሃታችን በቂ ምክንያት አለን። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። አዲስ አበባም በከፍታ ከእሷ ብዙ አትርቅም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው። ለሯጮቻችን ሳንባን የሚያጠነክር በረከት ነው፤ ለቴኒስ ኳስ ግን የሚይዘው የሌለው መንገድ ነው። ኳሱ አየሩን ሰንጥቆ ሲሄድ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ያንሳል፤ እኛ የምንሰጠው ሽክርክሪትም አየሩን በደንብ ስለማይቆነጥጥ ኳሱ ቶሎ ወደ መሬት አይወርድም። በዚያ ላይ ኳሱ ውስጥ የታመቀው አየር ውጪ ያለው ግፊት ሲቀንስለት ይበልጥ ይወጠርና ሲነጥር ከትከሻ በላይ ይወጣል። በባሕር ዳርቻ መስመሩ ላይ የሚያርፈው ምት እዚህ አጥሩን ይመታል።

ታዲያ ኳስ ሲያመልጠን ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነገር ነው፤ ክሩን እናከርራለን። 24 ኪሎ የነበረውን ውጥረት 26፣ 26 የነበረውን 28 እናስደርጋለን። ሲብስብን ደግሞ ክሩን ራሱን ወደ ደረቁ ፖሊስተር እንቀይራለን። ኳሱ ለጊዜው ይታዘዛል፤ ክንዳችን ግን ሒሳቡን ይከፍላል።

የራኬት ክርና ኳስ የሚገናኙት ሰከንድ ለ1,000 ተከፍሎ 5 ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የላላ ክር ወደ ውስጥ ሰመጥ ብሎ ኳሱን ተቀብሎ ይመልሳል፤ ድንጋጤውንም አብሮ ይውጣል። የከረረ ክር አይሰምጥም። ያልዋጠውን ድንጋጤ ለራኬቱ፣ ራኬቱም ለመዳፍ፣ መዳፍም ለክርን ያቀብላል። አንጓችንን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ክርናችን ውጪ ባለች አንዲት የአጥንት ጉብታ ላይ በጅማት ታስረዋል። የዓለም ሐኪሞች «የቴኒስ ክርን» የሚሉት ሕመም የሚነሳው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ስሙ የቴኒስ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ታማሚዎች ራኬት ይዘው አያውቁም፤ ቀኑን ሙሉ መዶሻና መፍቻ የሚይዙ፣ የሚጨምቁ፣ የሚያቦኩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሊጥ የምታቦካ እናት ወይም አናጢ ወንድም ካላችሁ ይህን ለእነሱም አንብቡላቸው።

ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይዟል። በበገናው ላይ ያለውም ጅማት ነው፣ በክንዳችን ውስጥ ያለውም ጅማት ነው። ጥጥ መንደፊያው ደጋን ላይ የሚወጠረውም እንዲሁ። የቴኒስ ታሪክም ከዚሁ ቃል አይርቅም። የፈረንሳዩ ባቦላ እ.ኤ.አ. በ1875 ሊዮን ከተማ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ከአንጀት ክር ይሠራ ነበር፤ የሙዚቃ መሣሪያም የቀዶ ሕክምናም ክር ጭምር። ዛሬም ለክንድ ከሁሉ የሚለሰልሰው፣ ውጥረቱንም ለረጅም ጊዜ የሚጠብቀው የራኬት ክር ከከብት አንጀት የሚሠራው ነው። አርሲን የመሰለ የከብት አገር ላይ ቆሜ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። አጎቴ በጣታቸው የሚያውቁትን ነገር የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች በራኬታቸው ላይ ያውቁታል ማለት ነው።

ፖሊስተርን ግን አላጥላላም። ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩዌርተን እ.ኤ.አ. በ1997 የፈረንሳይን ክፍት ውድድር ሲያሸንፍ ራኬቱ ላይ የነበረው ይኸው ደረቅ ክር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የቴኒስ ጨዋታ ራሱ ተለወጠ። ክሩ ኳሱ ላይ ብዙ ጉልበት ስለማይጨምር ተጫዋቹ ሙሉ ክንዱን ለቆ ይመታል፣ በኃይል ያሽከረክራል፣ ኳሱም ሜዳ ውስጥ ይወድቃል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አዲስ የተወጠረ ራኬት ይዘው ይገባሉ። እኛ ስድስት ወር እንጫወትበታለን። ፖሊስተር ቶሎ ይደክማል፤ ውጥረቱ ይወርዳል፣ የመለጠጥ አቅሙ ይሞታል፣ ድርቀቱ ግን አይለቀውም። ስላልተበጠሰ ብቻ ደህና የሚመስለን ክር በክንድ ላይ ከሁሉ የከፋው ነው።

አሁን ወደ አገሬ ሯጮች ልመልሳችሁ፤ መልሱን ያገኘሁት ከእነሱ ነውና። ኃይሌ ገብረሥላሴ እዚያው አሰላ አጠገብ ተወልዶ 10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር፣ ደብተሩን ይይዝበት የነበረው ግራ ክንዱም ትልቅ ሰው ሆኖ ሲሮጥ እንደታጠፈ እንደቀረ የማያውቅ የለም። ብዙ ያልተወራለት የእግሩ ጅማት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ሲወስድ የተረከዙ ጅማት ይታመም ነበር፤ ከውድድሩ በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙ ሰው «አበቃለት» ሊል በሚችልበት ሰዓት ሥልጠናውንና ሩጫውን እየለወጠ ወደ ማራቶን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ በ35 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለም ለዓመታት በጉዳት ሲመላለስ ቆይቶ በ37 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በዚያው በርሊን 2:01:41 ሮጧል።

የእነዚህን ሰዎች አገር ልጆች ልምምድ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በአሰላ የጥሩነሽ ዲባባ አትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይም ማለዳ ማለዳ ወጣቶቹን ታገኟቸዋላችሁ። ሯጮቻችን አስፋልት፣ ኮረኮንችና ጫካ ብለው ቀናቸውን ይከፍላሉ። የአስፋልቱ ቀን ፍጥነት የሚፈተንበት ነው፤ ጥቂት ነው። በቀላሉ ቀን ሣር ላይ፣ ዛፍ መሃል፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ለስላሳ መሬት መምረጣቸውን ማንም ስንፍና ብሎት አያውቅም። ነገም መሮጥ ስላለባቸው እግራቸውን ይጠብቁታል፤ ፍጥነታቸውም በዚያው ይጠበቃል።

የቴኒስ ክርም እንደዚሁ ነው። ለክንዳችሁ ለስላሳ መሬት ምረጡለት።

ከየት እንጀምር? ከኳሱ። ብዙዎቻችን የዘለልነው ደረጃ ይህ ነው። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች ተብሎ የተዘጋጀ ኳስ አለው። አሰላ የዚያ ከፍታ እጥፍ ገደማ ላይ ናት! እንዲህ ያለውን ኳስ ማግኘት ከቻላችሁ ክር ከማክረራችሁ በፊት እሱን ሞክሩ፤ ግማሹ ችግር ያኔውኑ ይቀንሳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከጫማ ይልቅ ይህን አስመጡ። የረጠበና ያረጀ ኳስ ግን ጣሉት፤ ከባድ ነው፣ ክንድ ያደክማል።

ቀጥሎ የክሩ ዓይነት። ክርናችሁ እያመማችሁ ሙሉ ፖሊስተር ከሆነ የምትጫወቱት፣ ዛሬውኑ አውጡት። መልቲፊላመንት የሚባለው፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ተገምዶ የሚሠራው ክር ለአንጀት የቀረበ ልስላሴ በአነስተኛ ዋጋ ይሰጣል። ኳሱ እንዳያመልጣችሁ ከፈራችሁ ወፍራሙን ውሰዱ፤ 1.30 ሚሊ ሜትር የሆነው ከቀጭኑ ይልቅ ረጋ ያለ ምት አለው፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ፖሊስተርን ፈጽሞ መተው ካልቻላችሁ ደግሞ ሮጀር ፌደረር ለዓመታት የተጫወተበትን መንገድ ተከተሉ፤ በቁመት የሚሄዱት ክሮች የከብት አንጀት፣ አግድም የሚሄዱት ፖሊስተር ነበሩ። ምቱን ከሁሉ በላይ የሚወስኑት የቁመቶቹ ስለሆኑ ልስላሴው እዚያ ይሁን፤ አግድሞቹ ኳሱን ይገቱላችኋል። አንጀት ቢወደድባችሁ በምትኩ መልቲፊላመንት ይሠራል። ለልጆች ግን ፖሊስተር አታስወጥሩ፤ አጥንታቸው ገና እያደገ ነው።

ከዚያ በኋላ ውጥረቱ። በአንድ ጊዜ 4 ኪሎ አታውርዱ፤ ያኔ ኳሱ በእርግጥ ይጠፋባችኋል፣ እኔንም ትወቅሳላችሁ። 1 ኪሎ ቀንሱና ሁለት ሳምንት ተጫወቱ። ውጥረት ሲቀንስ የኳሱ ፍጥነት የሚጨምረው በጣም በጥቂቱ ነው፤ በደንብ የሚለወጠው ከራኬቱ ሲነሳ የሚይዘው አቅጣጫ ነው፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይነሳል። ይህን ደግሞ ክንዳችሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሱ ይለምደዋል። ራኬት የምትገዙ ከሆነ 18 በ20 ክር የሚገባበትን፣ ክሩ ጥቅጥቅ ያለውን ተመልከቱ፤ ሳያከርሩት ኳስ የሚይዝ ራኬት ነው።

እኔ ከአሰላ እንደተመለስኩ ራኬቶቼን ለሚወጥርልኝ ልጅ ሰጠሁት። 27 ኪሎ ፖሊስተር ነበር። «መልቲ አድርግልኝ፤ 25» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ «እርግጠኛ ነህ? ይበርብሃል» አለኝ። በመጀመሪያው ቀን በረረብኝ። በሦስተኛው ቀን ከመታሁ በኋላ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ድረስ ጨርሼ ማሳለፍ ጀመርኩ፤ ለካ ሕመሙን እየፈራሁ ምቴን መሃል ላይ እቆርጠው ኖሯል። ኳሱን የሚያስወጣው የክሩ መላላት ብቻ አልነበረም፤ ያልተጨረሰው ምቴም ነበር። ክንዱ ሲዝናና ሽክርክሪቱ መጣ፣ ኳሱም መስመሩ ውስጥ መውረድ ጀመረ። በሁለተኛው ወር 24 ላይ አደረስኩት። ጎን ለጎን ጠዋት ጠዋት ትንሽ የውሃ ጠርሙስ ይዤ አንጓዬን ቀስ አድርጌ ወደ ታች የማውረድ እንቅስቃሴ እሠራለሁ፤ ጅማት የሚጠነክረው እንዲህ በዝግታ ሲሠራ ነው። የደጋው ማለዳ ብርድ ክሩንም ክንዱንም ስለሚያደርቅ ፀሐይ ሞቅ ሳትል ሜዳ አልገባም። ሕመሙ ሳምንታት አልፈው የማይቀንስላችሁ ከሆነ ግን ክር መቀያየሩን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለፍልሰታ እንደገና አሰላ ወረድኩ። ጆጉን አንስቼ አጎቴን አስታጠብኳቸው፤ አንድ ጠብታ ወለል አልነካም። እጃቸውን እያደረቁ ክርኔን በሁለት ጣታቸው ጫን አድርገው ፊቴን አዩኝ። አላመመኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ ራኬታችሁን ስታስወጥሩ «አንድ ኪሎ ቀንስልኝ» በሉ።