የማኅፀን ጠባሳ
እሳት ያቃጠለው እጅ ቢድንም ጠባሳ ይቀርበታል። በማኅፀን ውስጥም እንዲሁ ጠባሳ ይቀራል፤ ግን ስለማይታይ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን በየወሩ ይታደሳል። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የቀረው እንግዴ ልጅ ሲጠረግ የሽፋኑ ሥር ከቆሰለ፣ ግድግዳዎቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። የማኅፀን ቲቢም ይህንኑ ያመጣል። ሐኪሙ ጆሴፍ አሸርማን በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ ጻፈበት ሕመሙ በስሙ ይጠራል።

ምልክቱ የወር አበባ ማነስ ወይም መቅረት፣ በየወሩ ቁርጠት፣ አለመፀነስ፣ የጽንስ መጨንገፍ ነው።

ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ፎገራ ሜዳ ያላችሁ ባሎችና አማቶች ሆይ! እንዲህ ያለችውን ሴት «መካን ናት» ብላችሁ ወደ ወላጆቿ አትስደዷት። ነገሩ ቁስል ነው እንጂ እርግማን አይደለም። ሐኪም በቀጭን መሣሪያ ውስጡን እያየ የተጣበቀውን ሊያላቅቅላት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የወለዱም ብዙ ናቸው። ስታረግዝ ግን በሆስፒታል ትውለድ፤ እንግዴ ልጁ ከጠባሳው ጋር ሊጣበቅ ይችላልና።

ለመጠንቀቅ የሚከተለውን አድርጉ፦

1ኛ/ ወላድ በጤና ጣቢያ ትውለድ።

2ኛ/ ምጥ በቤት ድንገት ከመጣ፣ የሚረዳት ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጨርቁም ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ይሁን።

3ኛ/ እንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ እትብቱን አትጎትቱ፣ እጅም አታስገቡ፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሷት።

4ኛ/ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም ብዙ ደም ካየች «ይነጋል» ተብሎ አይታደርም።

ይህን ወረቀት ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።