ሐኪም ያልሆነው ረዳት ምን ይማራል?

በጭንቀትና በድብርት የተያዘን ሰው ሐኪም ያልሆነ ሰው ሊረዳው ይችላልን? ከመካከላችን ግማሹ «እንዴት ተደርጎ!» ይላል፤ ግማሹም «ስንመክር የኖርን ሰዎች ነን፤ ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም መልሶች የተሳሳቱ ይመስለኛል።

ነገሩ የተነሣው ከችግር ነው። በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በዚምባብዌም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ፥ ምባሬ በተባለው ሰፈር፥ 14 አያቶችን ይዘው ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ ከጤና ጣቢያው ደጅ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሕመምተኛውን ያነጋግራሉ። ዘዴው በኋላ በ573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ፤ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት ያልለቀቃቸው፥ በአያቶቹ ከተረዱት ከመቶ 14 ያህል፥ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህል ነበሩ።

ታዲያ ምን ተማሩ? ለምሳሌ ያህል፥ የሦስት ወር የቤት ኪራይ የተጠራቀመባት፥ እንቅልፍ ያጣች፥ ከባሏም የተጣላች አንዲት የአትክልት ነጋዴ መጣች እንበል። የኛ አገር ሽማግሌ ቢሆን ነገሯን ሳትጨርስ «ልጄ፥ ታገሺ፤ ከባልሽም ታረቂ» ባላት ነበር። የሠለጠነው ረዳት ግን ችግሮቿን አንድ በአንድ እንድትቈጥር ያደርጋታል፤ ከዚያም «ከነዚህ መካከል በዚህ ሳምንት የትኛውን እንያዝ?» ብሎ ይጠይቃታል። የምትመርጠው እርሷ ናት። ኪራዩን ከመረጠች፥ ሐሙስ ዕለት አከራይዋን ልታነጋግር ትወስናለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታም የሆነውን ትናገራለች። ባይሳካላት ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ከዚህ ጋር ትታው የነበረውን ነገር፥ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣትንም ቢሆን፥ በጥቂቱ እንድትጀምር ይደረጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የአምስት ሳምንት መመሪያም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በዝግታ መተንፈስን ይጨምርበታል።

እንግዲህ ለሠልጣኙ ከሁሉ የሚከብደው አዲስ ነገር መማሩ ሳይሆን፥ መምከርን መተው ነው። በመኝታ ቤታችን አንድ ጓደኛችን ሲከፋው «አንተ ምን ጐደለህ?» ብለን ከርሱ የባሰውን ሰው የምናወራለት ስንቶቻችን ነን! (እኔም አንዱ ነኝ።)

ሁለተኛው ነገር ቃል ነው። የሐራሬ አያቶች «ድብርት» አይሉም፤ ሕዝቡ እንደሚለው «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፤ ትርጉሙም ሐሳብ ማብዛት ነው። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የተሞከረው አገልግሎትም ድብርትን ለይቶ ማወቅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ አሳይቷል። በሽተኛው «ራሴን አመመኝ፥ ልቤን አቃጠለኝ» ብሎ ሲመጣ የራስ ምታት ኪኒን ተሰጥቶት ይመለሳልና። በድሬዳዋ ደግሞ ይህ ሁሉ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚነገር ነው። ከአማርኛ መጽሐፍ ብቻ የተማረ ረዳት መጋላ ወርዶ ምን ሊሰማ ይችላል?

ለሐምሌ 30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ ይህች ከተማ ብዙ ኀዘን አይታለች። ለቅሶ መድረስን እናውቅበታለን። ሆኖም ድንኳኑ ይነቀላል፤ ለቀስተኛው ይበተናል፤ ከዓመት በኋላም ከአልጋው መነሣት ያቃተውን ሰው ከቤቱ ገብቶ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚታሰቡት ቤት ለቤት የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ክትባቱ፥ የእናቶች ክትትሉና ጽዳቱ በነርሱ ላይ ነው፤ ይህንንም ደርቦ መስጠት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በሐራሬ ግን ረዳቶቹ ብቻቸውን አልተተዉም፤ የከበዳቸውን ጉዳይ የሚያቀርቡለት ተቈጣጣሪ ነበራቸው፤ ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው ሲገጥማቸውም ወደ ማን እንደሚያስተላልፉት አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። እኛም በማኅበራችን «የጓደኛ አማካሪ» እናቋቁም የሚል ሐሳብ ካለን፥ ወንበሩን ከመግዛታችን በፊት ይህን ተቈጣጣሪ እንፈልግ፤ ስሙንና የሚገኝበትን ሰዓትም በሩ ላይ እንለጥፍ።