ከዕድር መዝገብ የወጣ ጥያቄ

በሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ሊማር ያሰበ የአምቦ ልጅ መጀመሪያ የሚመጣለት ርዕስ «የዕድር ሚና በአምቦ ከተማ» ዓይነት ነው። ርዕሱ ክፋት የለውም፤ ጥያቄ ግን የለበትም። ዕድር እንደሚቀብር፣ ድንኳን እንደሚተክል፣ ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና ጥሩምባ ሲነፋ የሰማ ሁሉ ያውቃል።

በመጀመሪያ ዲግሪ ሌሎች የደረሱበትን እንማራለን። እንደ አዲስ አበባና ጅማ ባሉ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ድኅረ ምረቃ የገባ ተማሪ ግን የራሱን ጥያቄ ይዞ መልሱን በማስረጃ ማቆም አለበት። ብዙዎች የሚጨነቁት ለመግቢያ ፈተናው ነው፤ እኔ ግን ከባዱ ይሄኛው ይመስለኛል።

ርዕስ እንዴት ጥያቄ ይሆናል? ጊንጪ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው እንውሰድ። ለቅሶ አይደርስም፤ ቅጣት ይቆጠርበታል። መዋጮውን ግን በወንድሙ እጅ በየወሩ ይልካል እንበል። ለምን? አንደኛው ግምት ወላጆቹን የሚቀብርለት እንዲኖር ነው፤ ዕድሩ መድን ሆነለት ማለት ነው። ሌላው ግምት ስሙ ከመዝገቡ ከተሰረዘ የጊንጪ ሰው መሆኑም አብሮ የሚሰረዝ ስለሚመስለው ነው። ሁለቱን ግምቶች የሚለይ ቀን አለ፤ ወላጆቹ ያረፉበት ቀን። ከዚያ በኋላ መክፈል ካቆመ የመጀመሪያው ይጠነክራል፤ ከቀጠለ ሁለተኛው። ይህንን ደግሞ የዕድሩ መዝገብ በዓመተ ምሕረት ጽፎ ይዞት ይሆናል። አባላቱ መዝገቡ እንዲታይ ከፈቀዱ ማለቴ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም።

መዝገብ ማን እንደቀረ ይናገራል እንጂ ለምን እንደቀረ አይናገርም፤ ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ይከተላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አሁን በመዝገቡ ያሉትን ብቻ ያነጋገረ ተማሪ ሁሉም ሰው ዕድሩን ይወዳል ብሎ ይደመድማል። የወጡትን ሰዎች አፈላልጎ ማግኘት አድካሚ ነው፤ ጥናቱን በእግሩ የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

ቋንቋም አለ። ወጉ በኦሮምኛ ይሄዳል፣ መመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። መካከል ላይ «ሳፉ» የሚል ቃል ይመጣል። «ነውር» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ሳፉ ግን ሰው ከሰው፣ ከተፈጥሮና ከዋቃ (ከፈጣሪ) ጋር ሊኖረው የሚገባውን ሥርዓት ሁሉ ይይዛል። እንዳለ ትቶ አንድ አንቀጽ ማብራራት ይሻላል።

የጠያቂው ማንነትም ለውጥ ያመጣል። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሰን በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ «ቃሉ» የሚባለውን የባህላዊ እምነት መሪ ሥርዓት አጥንቶ በ1967 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። እንደ እሱ ያለ እንግዳ ሰው የሞኝ ጥያቄ ቢጠይቅ አይታዘቡትም። የአምቦ ልጅ ግን የዕድሩን ዳኛ «ለቅሶ የቀረ ለምን ይቀጣል?» ቢላቸው፣ «አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህም እንዴ? ታውቀው የለ!» ይሉታል። ያኔ ደብተሩን ሳያጥፍ፣ «ልክ ነው አባባ፣ ግን ከእርስዎ አፍ ልስማው» ብሎ መጠበቅ ነው።