አሮጌ መስፍ እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይታደሳል?

ገበሬ ያለ ማረሻ አያርስም። ማረሻም ያለ ቀጥቃጭ፣ ቀጥቃጭም ያለ መስፍ አይሆንለትም። መስፍ ማለት ባለሙያው የጋለውን ብረት አስቀምጦ በመዶሻ የሚቀጠቅጥበት ጠንካራ ብረት ነው።

ባስተማርኩበት መንደር የነበሩት ቀጥቃጭ የሚሠሩት በድንጋይ ላይ ነበር። ድንጋዩ በየጊዜው ይሰነጠቃል፤ ሥራው ይጓተታል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ መስፍ እንዲገዛ ወሰኑ። እኔም ከቀጥቃጩ ጋር አዲስ አበባ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ።

እዚያ ሁለት መስፎች አገኘን። አንዱ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሌላው ዝገት ለብሷል። እኔ ባለ ቀለሙን እንግዛ አልኩ። እሳቸው ግን ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ ከኪሳቸው አውጥተው በሁለቱም ላይ ጣሏት። ባለ ቀለሙ ላይ ጥቂት ብቻ ነጠረች። የዛገው ላይ ግን እጃቸው ድረስ ልትመለስ ትንሽ ቀራት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥሩ መስፍ ፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ምቱን ይመልሳል። ለስላሳ ብረት ምቱን ይውጠዋል፤ ጉልበትም ይባክናል። ከ25 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት ከአንድ ስንዝር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ የተጣለች ኳስ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከነጠረች መስፉ ደኅና ነው። ግማሹን እንኳ ካልነጠረች አትግዙት።

የዛገውን ገዛን። መንደር እንደደረስን፣ «ዝገቱ እንዲለቅ እሳት ውስጥ እንክተተው» አልኩ። ቀጥቃጩ ደንግጠው፣ «ኧረ ልጄ! ፊደል አንተ አስተማርከኝ፤ ብረትን ግን ከኔ ተማር» አሉኝ። የመስፉ ፊት የጠነከረው ግሎ በድንገት በመቀዝቀዙ ነው። እንደገና ግሎ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ይለሰልሳል። ብሰማ ኖሮ እንጂ ባልሰማቸው የመንደሩ መዋጮ በአንድ ምሽት እሳት መና ይቀር ነበር።

ዝገት የሚለቀው በሽቦ ብሩሽና በዘይት ነው። ጠርዙ ተሸራርፎ ከሆነ ስለቱን በሞረድ ማለስለስ ይበቃል፤ ፊቱን በብዙ መሞረድ ግን ጠንካራውን ክፍል ይጨርሰዋል። ከዚያ በወፍራም ግንድ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ቆሞ ለሚሠራ ሰው ከፍታው እጁን ሲያወርድ ቡጢው የሚደርስበት ይሁን። ባዶውን መስፍ በመዶሻ አትምቱት።

ጥያቄዎች
1. ኳሷ የዛገው መስፍ ላይ ለምን ከፍ ብላ ነጠረች?
2. መስፍ እሳት ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል?
3. በእናንተ መንደር ቀጥቃጩ በምን ላይ ይሠራሉ? እሳቸውን ጠይቃችሁ ተወያዩበት።