ልጁ ተነሣ፤ አሁን ምን እናብላው?

ትኩሳቱ ወርዶ፣ ተቅማጡ ቆሞ ልጁ መጫወት ሲጀምር ቤቱ በሙሉ እፎይ ይላል። ብዙ ወላጅ የሚዘናጋው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። የታመመ ልጅ የሰነበተው በሰውነቱ ያከማቸውን ስብ፣ ጡንቻና ቫይታሚን እየጨረሰ ነው። ሲሻለው ያንን መልሶ ካልሞላ የሚቀጥለው ጉንፋን ወይም ተቅማጥ እንደ ከሳ ያገኘዋል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ወደ መድኃኒት ቤት ሮጠን «የምግብ ፍላጎት የሚከፍት» ወይም «ቫይታሚን ያለው» ሽሮፕ እንጠይቃለን። ከሽሮፑ በፊት ድስቱን አስቀድሙ።

መጀመሪያ የምግቡን ቁጥር ጨምሩ። ከበሽታው በኋላ ቢያንስ ለ14 ቀን በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ሦስት ጊዜ ይበላ የነበረ አራት ጊዜ ይብላ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን መካሻው የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ባለሙያ ካላዘዘ በቀር ውኃም አጥሚትም አይፈልግም። ሌላው ነገር ሳህን ነው። በትልቁ ትሪ ከወንድሞቹ ጋር የቀረበ ደካማ ልጅ ስንት ጉርሻ እንደ ደረሰው ማንም አያውቅም፤ ለብቻው ሲቀርብለት ግን ምን ያህል እንደ በላ ትታያላችሁ። አፍንጫውን ይዛችሁ አታጉርሱት፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እያጫወታችሁ፣ ሲሰለች ጥቂት አሳርፋችሁ እንደገና ሞክሩ።

ቀጥሎ ገንፎው። የታመመ ልጅ አጥሚት መጠጣቱ ወግ ነው፤ ጉሮሮ ስለማይቆጠቁጥ ጥሩ ነው። ችግሩ አብዛኛው ውኃ መሆኑ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ቀጭን አጥሚት ትንሿን ሆድ ሞልቶ ለምግብ ቦታ አያስቀርም። ስለዚህ ሲሻለው ወደ ገንፎ ተሻገሩ፤ ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ይሁን። ለዱቄቱ ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ ወይም በቆሎ) እና አንድ እጅ ጥራጥሬ (ሽምብራ ወይም ምስር) ውሰዱ፤ ጥራጥሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ ከእህሉ ጋር ይፈጭ። ገንፎው ሊወጣ ሲል አንድ የተመታ እንቁላል ጨምራችሁ ፈጽሞ እስኪበስል አማስሉት። በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት። ያቺ ማንኪያ ዘይት ብቻዋን 40 ካሎሪ ገደማ ትጨምራለች፤ ለተዳከመ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም።

ወፍራሙን እምቢ ካለ ውኃ አትጨምሩበት፤ ብቅል ጨምሩበት። በቤታችን ብቅል ሲነሣ የሚታሰበው ጠላ ነው። ግን እህል ሲበቅል የሚፈጠረው ኢንዛይም ስታርቹን ይሰባብረዋል፤ ገንፎው ጉልበቱ ሳይቀንስ ይቀጥናል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ገብስ ወይም ስንዴ ለቅሞ፣ አጥቦ አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ።
2. ውኃውን አጠንፍፎ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ከ2 እስከ 3 ቀን ማብቀል። ሻጋታ ከታየበት በሙሉ መጣል።
3. በፀሐይ አድርቆ፣ ቡቃያውን አሽቶና አራግፎ መፍጨት።
4. ገንፎው ከእሳት ወርዶ ፍላቱ ሲበርድ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሮ ማማሰል። እየፈላ ከተጨመረ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል።
5. በደቂቃዎች ውስጥ ሲቀጥን መልሶ አንዴ ማፍላት፣ ከዚያ አቀዝቅዞ ማብላት።

ወደ ቫይታሚኖቹ ስንመጣ፣ ጎመንን ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ውኃውን እንደፋለን። ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት ከውኃው ጋር አብረው ይሄዳሉ። ለልጁ ስትሠሩ በደንብ አጥባችሁ፣ በስሱ ከትፋችሁ፣ በጥቂት ውኃ ከድናችሁ አብስሉት። ካሮት፣ ዱባ፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንችና ማንጎ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አላቸው፤ ያለ ቅባት ግን በደንብ አይመጥም፤ ቅቤ ወይም ዘይት አይለያቸው። ለደሙ ጉበት፣ ሥጋና ምስር ስጡት፤ ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግ ብረቱ የተሻለ ይመጥለታል።

ሻይ በዳቦን ግን ተዉት። ለታመመ ልጅ በየቤቱ የሚቀርበው ይህ ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ አይጠግንም፤ ሻዩ ደግሞ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት እንዳይመጥ ያደርጋል። ለስላሳ መጠጥም ስኳሩ ተቅማጥን ያባብሳል።

በተቅማጥ የታመመ ልጅ ቢሻለውም የተሰጠውን ዚንክ ይጨርስ፦ ከ6 ወር በላይ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች 10 ሚሊግራም፣ ባለሙያው እንዳዘዘው ከ10 እስከ 14 ቀን። እንክብሉ በማንኪያ ላይ በጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ይሟሟል። ቫይታሚን ኤ ከ6 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 100,000 ዩኒት፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለ 200,000 ዩኒት በየ6 ወሩ ይሰጣል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ዓይኑ እንዳይጎዳ በሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል፤ ይህን ጤና ጣቢያው ይወስናል። ቫይታሚን ኤ በጉበት ስለሚከማች በራሳችሁ አትደራርቡት። የብረት ሽሮፕም ሲበዛ ስለሚመርዝ እንዲሁ አትጀምሩት።

ፀሐይ ሌላው መድኃኒት ናት። ብርድ ይመታዋል ብለን ልጁን ጠቅልለን ቤት ስንዘጋበት ቫይታሚን ዲ እናሳጣዋለን። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ፣ በአዲስ አበባ ኢትዮ-ስዊድሽ የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት፣ የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ) ከሌሎቹ ልጆች እጅግ በዝቶ እንደ ታየባቸው አሳይቷል። ጠዋት ጠዋት ክንዱንና እግሩን ገልጣችሁ አሙቁት፤ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ግን አይበቃም።

ጾም ሲሆን ብዙ እናቶች ድስቱ በቅባት እንዳይነካ ብለው ለልጁም እንቁላልና ወተት ይተዋሉ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጾም ግዴታ የለበትም፤ የታመመ ደግሞ ይልቁንም። ለእሱ ትንሽ ድስት፣ ማንኪያና ሳህን ለዩለት፤ ጭንቀቱ ያኔ ይቀላል።

መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ከታየበት፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደኅና ቢሆንም በ14ኛው ቀን ጤና ኬላ ሄዶ ይመዘን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንዱን ዙሪያ ስትለካው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ በ92 ግራም ፓኬት ተዘጋጅቶ 500 ካሎሪ የሚሰጠው የለውዝ ሕክምና ምግብ ይታዘዝለታል። ያ ፓኬት መድኃኒት ነው፤ የታዘዘለት ልጅ ብቻውን ይጨርሰው፣ ለወንድሞቹ የራሳቸውን ገንፎ ሥሩላቸው።